ፍቅሩን ወስደው ቃሉን ሲተዉት

መብራት ባይጠፋ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ባለፈው ነሐሴ፣ ንፋስ መውጫ በጉም ተሸፍና በምትውልበት ሰሞን፣ የወጣቶች ኅብረታችን ፊልም ለማየት ተሰበሰበ። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ወጣቶቻችን በየስልካቸው የሚከታተሉት የፍቅር ድራማ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። «አትዩ» ማለት ምን ያህል እንደሚሠራ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ «አብረን እንይ፣ ከዚያ እንነጋገር» አልኩ። የመረጥኩት «ጄን ኤር» የተባለውን ፊልም ነው። ሻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ካሳተመችው ልብ ወለድ ተወስዶ፣ ካሪ ፉኩናጋ የተባለ ዳይሬክተር በ2011 የሠራው ነው። ፕሮጀክተር ተውሰን፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥረን፣ እኔ እያቆምኩ ንግግሩን ወደ አማርኛ እመልስላቸው ነበር።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጄን ወላጆቿ የሞቱባት፣ ከአክስቷ ቤት ተገፍታ በአዳሪ ትምህርት ቤት በብርድና በረኃብ ያደገች ልጅ ናት። ካደገች በኋላ በአንድ ትልቅ ቤት የልጅ አስተማሪ ሆና ትቀጠራለች። የቤቱ ጌታ ሮቼስተር ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ሊጋቡ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሳለ አንድ ሰው ተነሥቶ ሙሽራው ሚስት እንዳለው ይናገራል። እውነት ነው። አእምሮዋን የሳተች ሚስቱ በዚያው ቤት ላይኛው ፎቅ ተዘግቶባት ትኖራለች። ሮቼስተር ግን ጄንን አይለቃትም፤ ሳይጋቡም ቢሆን ማንም በማያውቃቸው አገር አብረው እንዲኖሩ ይለምናታል። እሷ ለመሄድ ትነሣለች።

እዚህ ላይ መብራት ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ድምፅ ሰማሁ። «መምህር፣ ግን ለምንድን ነው የምትሄደው? ይወዳታል፣ ትወደዋለች። የሚቆጣት አባት የላት፣ የሚያፍርባት ወንድም የላት።»

«ኃጢአት ስለሆነ ነዋ» አልኳት ቸኩዬ።

«እሱንማ እናውቃለን» አለች። «ፊልሙ ውስጥ ግን አላየሁትም።»

ይህ ጽሑፍ የወጣው ከዚህች ልጅ አነጋገር ነው።

በስልክ መብራት

ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ስማር የገዛሁት አሮጌ ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አንድ ወንድም በስልኩ እያበራልኝ 27ኛውን ምዕራፍ ከፈትኩ። የልጅቱ ጥያቄ መልስ እዚያ አለ፤ ያውም በረጅሙ። በመጽሐፉ ውስጥ ጄን እንደ ድንጋይ የጸናች ልጅ አይደለችም። ልቧ «እሺ በይው» ይላታል። አእምሮዋም ሕሊናዋም ከሮቼስተር ጋር አብረው ይሟገቷታል። ብቸኛ ናትና ብትቀርም የምትጎዳው ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው እግዚአብሔር የሰጠውን ሕግ እጠብቃለሁ የምትለው። አሳቧን በእኔ አባባል ላስቀምጠው፦ ሕግ የሚያስፈልገው ልብ በተረጋጋበት ቀን አይደለም፤ ልብ ባመፀበት ቀን ነው። ሲመቸኝ ብቻ የምጠብቀው ሕግ ከሆነ መጀመሪያውኑ ሕጌ አልነበረም።

ፊልሙ ከዚህ ሁሉ አጉልቶ የያዘው ራሷን የማክበሯን ነገር ነው። ይህም መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ከአየር የመጣ አይደለም። ነገር ግን ራሷን የምታከብረው በማን ፊት ቆማ እንደሆነ ተቀንሶ ቀርቷል። የተማሪዋ ዓይን የያዘውም ይህንኑ ነው። «ራሴን አከብራለሁ» የምትል ሴት እናያለን፤ «እግዚአብሔርን እፈራለሁ» የምትለዋን ግን ለማየት መጽሐፉን መክፈት ያስፈልጋል። በዘፍጥረት 39 ዮሴፍ ልብሱን ጥሎ ሲሮጥ፣ ሩጫውን ብቻ ብታሳዩንና የሮጠበትን ምክንያት ብትተዉት፣ ልጁ ለምን ይህን ያህል ፈራ እንላለን እንጂ እምነቱን አናይም።

መብራቱ አልመጣም። ስለዚህ የቀረውን ታሪክ ከመጽሐፉ ተረክሁላቸው።

ሁለት እምቢታ

ጄን ጥቂት ገንዘብ ብቻ ይዛ ትወጣለች። ሜዳ ላይ ታድራለች፤ አንዲት ልጅ ለአሳማ ልትደፋው የነበረ የቀዘቀዘ ገንፎ ለምና ትበላለች። ይህን ስነግራቸው ቤቱ ጸጥ አለ። በእኛ አገር ረኃብ ምን እንደሆነ ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። ለቃሏ የከፈለችው ዋጋ ይህ ነበር።

በመጨረሻ ሴንት ጆን ሪቨርስ የሚባል ወጣት ቄስና እኅቶቹ ያስጠጓታል። ይህ ሰው ሚሲዮናዊ ሆኖ ወደ ሕንድ ሊሄድ ተዘጋጅቷል። የጄንን ትጋት አይቶ ሚስቱ ሆና አብራው እንድታገለግል ይጠይቃታል። አይወዳትም፤ እሱም አይደብቀውም። የሚፈልገው የአገልግሎት አጋር ነው። እምቢ ስትለው የምትቃወመው እርሱን ሳይሆን እግዚአብሔርን እንደሆነ ይነግራታል። ጄን አብራው ወደ ሕንድ ለመሄድ ፈቃደኛ ናት፤ በእኅትነት። ሚስት መሆንን ግን እምቢ ትላለች።

እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት እምቢታ አለ። የመጀመሪያው የእግዚአብሔር ሕግ ለሌለበት ፍቅር ነው። ሁለተኛው ፍቅር ለሌለበት፣ ግን የእግዚአብሔር ስም ለተጠራበት ጥሪ ነው። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የመጀመሪያውን ለማመስገን እንፈጥናለን። እኔም በዚያች ምሽት አመስግኜ፣ ንጽሕናን አስተምሬ፣ ጸልየን ተለያየን። ስለ ሁለተኛው አንድ ቃል አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የፊልሙን ቀሪ ክፍል አየን። ጄን ዓይኑ የጠፋውን ሮቼስተር አግኝታ ከዛፍ ሥር ትተቃቀፈዋለች፤ ፊልሙም ያልቃል። አንዱ ወጣት «መምህር፣ ጸሎቱስ?» አለ። መጽሐፉን ቀድመው ሰምተው ነበርና ጠበቁት። በመጽሐፉ ሮቼስተር ኩራቱ እንደተሰበረ፣ እግዚአብሔርን እንዳወቀና መጸለይ እንደጀመረ በራሱ አፍ ይናዘዛል። የመጽሐፉ የመጨረሻ አንቀጾችም ስለ ጄንና ስለ ሮቼስተር አይደሉም፤ በሕንድ ደክሞ ሞቱን በተስፋ ስለሚጠብቀው ስለ ሴንት ጆን ናቸው። ደራሲዋ እምቢ የተባለውን ሰው በክብር ነው የሸኘችው። ፊልሙ ያለቀው ግን መተቃቀፉ ላይ ነው።

ካሜራ የሚችለውና የማይችለው

እንዳትሳሳቱ፤ ፊልሙን ልንቅ አይደለም። 38 ምዕራፍ ያለውን መጽሐፍ በሁለት ሰዓት የሚያሳይ ሰው መቁረጡ ግድ ነው። ፉኩናጋ ፊልሙን የጀመረው ጄን በዝናብ ውስጥ በሜዳው ላይ ብቻዋን ስትንከራተት ነው። ያን ሰማይና ያን ንፋስ ሲያዩ ከእኛ ወጣቶች አንዱ «ጉና ነው እንዴ?» ብሎ አሳቀን። የልጅቱ ብቸኝነት መጽሐፉ በብዙ ገጽ የሚነግረንን ያህል በአንድ ምስል ገብቶናል። ካሜራ የሚታየውን ነገር ሲያሳይ የሚተካከለው የለም።

ችግሩ በማይታየው ላይ ነው። ንስሐ፣ ስለት፣ ሕሊና፣ ጸሎት መልክ የላቸውም። የጄን ኦስተንን ታዋቂ ልብ ወለድ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ»ን እንይ። በ1813 የታተመው የዚህ መጽሐፍ ልብ ያለው አንዲት ልጅ ደብዳቤ በምታነብበት ቦታ ነው። ኤልሳቤጥ የዳርሲን ደብዳቤ መጀመሪያ በቁጣ ታነበዋለች፤ ደግማ ስታነበው በሰው ላይ የፈረደችው በትዕቢት እንደሆነ ይገባትና በራሷ ታፍራለች። ከዚያ በፊት ራሷን እንደማታውቅ ታምናለች። እኛ ይህን ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። ግን አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መንገድ ላይ ስትመላለስ ካሜራው ምን ያሳየናል? የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1995 በሠራው ተከታታይ ሕዝብ ያልረሳው ትዕይንት ዳርሲ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ሲዋኝ፣ ከዚያም በረጠበ ሸሚዙ ከኤልሳቤጥ ጋር ሲገናኝ ነው። መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በ2005 ጆ ራይት የሠራው ፊልም ደግሞ ለአሜሪካ ተመልካች ባልና ሚስቱ ሲሳሳሙ የሚያሳይ መጨረሻ ተጨምሮለታል፤ በእንግሊዝ ሲታይ ያ መጨረሻ አልነበረበትም። አስተውሉ፤ የተጨመረው ሁሉ ለዓይን የሚሆን ነው፤ ውስጥ ለውስጥ የሆነው ነገር ግን ጠበበ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህ እኛን ይነካል። በ«ጄን ኤር» ውስጥ ብሮክልኸርስት የሚባል ቄስ አለ። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነው። ድሆቹን ልጆች በረኃብና በብርድ እያስጨነቀ ስለ ትሕትና የሚሰብክ፣ የራሱን ቤተሰብ ግን በውድ ልብስ የሚያስጌጥ ግብዝ ነው። ይህ ሰው በ1943ቱም፣ በ1996ቱም፣ በ2011ዱም ፊልም ውስጥ አለ። ሴንት ጆን ግን በ1943ቱ ፊልም ቄስነቱም ሚሲዮናዊነቱም ቀርቶ ሐኪም ሆኗል። ግብዙ አማኝ ሁልጊዜ ቦታ አለው፤ የሚያስቸግረው እውነተኛ አማኝ ግን ሙያ ይቀየርለታል።

«ዓለም እኛን ስለምትጠላ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ግብዝነት ከውጭ ይታያል፤ ልብሱ፣ ድምፁ፣ ጣቱ ሁሉ ይናገራል። ለዚህ ነው ለካሜራ የሚቀለው። ደግሞም ብሮክልኸርስትን ያመጣችው ፊልም ሠሪ አይደለችም፤ ራሷ የቄስ ልጅ የሆነችው ሻርሎት ብሮንቴ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆና ነው ያየችው። እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችን የለም የምንል ከሆነ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን መጽሐፉንም አልሰማነውም።

አባይን ተሻግረን

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ ምን አገባን?» የሚል ሊኖር ይችላል። እንግዲያው ከእስቴና ከስማዳ ወርደን አባይን እንሻገርና ጎጃም እንግባ።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ራሳቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ፣ በኋላም በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር የነበሩ ሰው ናቸው። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አወቃቸው። አባቴ ያን ትረካ ለመስማት ሬዲዮ ወዳለበት ቤት ይሄድ እንደነበር ሲያወራ ሰምቼ አድጌአለሁ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተከታታይ ድራማ ሆኖ በኢቢሲ ቴሌቪዥን ቀርቧል። ከእንግሊዞቹ ልብ ወለዶች ጋር አብሮ የሚቆም፣ ከመጽሐፍ ወደ ድምፅ፣ ከድምፅ ወደ ምስል የተጓዘ የእኛ የፍቅር ታሪክ ይህ ነው።

እናንተ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ደግሞ በዛብህን ለማወቅ ቴሌቪዥን አያስፈልጋችሁም። ቤተ ልሔም እዚሁ ናት፤ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ በዱላው እየተከላከለ ወደዚያ የሚያልፈውን ተማሪ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ዛሬ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የምናመልክ ብዙዎቻችን አያቶቻችን የዚያ ትምህርት ልጆች ናቸው። የእኔም አያት አንዱ ነበሩ። በዛብህ ዲማ ላይ ቅኔ የተማረው እንደዚያ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዛብህንና ሰብለን የለያያቸው ምንድን ነው? ለወጣቶቼ ይህን ስጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ፊታውራሪ መሸሻ!» አሉ። ልክ ናቸው። ፊታውራሪው ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጥተው፣ የመጣውን ሁሉ እየመለሱ ዕድሜዋን አሳለፉባት፤ የድሃ ልጅ ለሆነው አስተማሪዋ ሊሰጧትማ አይታሰብም። ይህ ግድግዳ ይታያል። ቁጣው ይሰማል፣ ፈረሱና ጋሻው ለካሜራ ይመቻል።

ሁለተኛው ግድግዳ ግን በዛብህ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ቦጋለና ውድነሽ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል፤ ሳያገባ እንዲያገለግል ቃል ገብተውበታል። አልተጠየቀም፤ የሚጠየቅበት ዕድሜም አልነበረም። ሰብለን ሲወድ የሚፈራው ፊታውራሪን ብቻ አይደለም፤ አባትና እናቱ በእግዚአብሔር ፊት የገቡትን ቃል ጭምር ነው። ይህን ስለት ከታሪኩ ብታወጡት የሚቀረው የድሃ ወንድና የሀብታም ሴት ፍቅር ነው። ያን ደግሞ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን እናየዋለን። ስለዚህ ተከታታዩን የምታዩ ሁሉ አንድ ነገር ፈልጉ፤ ስለቱ የት አለ? ምን ያህል ይከብዳል? በስንት ክፍል አንድ ጊዜ ይነሣል? እኔ በዚህ ገጽ አልፈርድም፤ መለኪያውን ግን ይኸው ሰጥቻችኋለሁ።

የመጽሐፉ መጨረሻም በዚህ ዓይን ሲታይ ሌላ ይሆናል። ሰብለ ከቤቷ ጠፍታ በዛብህን ስታገኘው በመንገድ ወንበዴ ጎድቶት ሊሞት ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ትመነኩሳለች። ማንም ያልተሳላት ልጅ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ በዛብህ ላይ በግድ የተጫነውን ሕይወት በፈቃዷ ወሰደችው። ምንኩስናን እኛ እንደ እነርሱ አንረዳውም። ነገር ግን ሌላ ሰው የጫነብህ ቃልና ራስህ የገባኸው ቃል አንድ እንዳልሆነ ደራሲው በሁለቱ ሕይወት አሳይተውናል።

ሐና ወይስ ዮፍታሔ?

መጽሐፍ ቅዱስ ልጅ የተሳለባቸው ሁለት ታሪኮች አሉት። በ1ኛ ሳሙኤል 1 ሐና ልጇን ሳትወልደው ሰጠችው። በመሳፍንት 11 ዮፍታሔ ያላሰበውን ተስሎ ዕዳው በልጁ ላይ ወደቀ። የበዛብህ ወላጆች የትኛውን ይመስላሉ? እነርሱ ሐናን ነን ብለው እንደሚያምኑ አልጠራጠርም። በፍቅርና በእምነት ነው ያደረጉት። ግን የሳሙኤል ታሪክ በምዕራፍ 1 አያልቅም። ወደ ምዕራፍ 3 ሂዱ። ሳሙኤል በቤተ መቅደስ እያደገ፣ እያገለገለ፣ መብራቱን እየጠበቀ ሳለ እግዚአብሔርን ገና አላወቀም ይለናል። የእናቱ ስለት እስከ በሩ አደረሰው። ወደ ውስጥ ያስገባው ግን በሌሊት በስሙ የጠራው ድምፅ ነው። «እነሆኝ» ያለው ራሱ ሳሙኤል ነው፤ እናቱ አልመለሰችለትም። በዛብህ ምዕራፍ 1 ያለው፣ ምዕራፍ 3 ያልመጣለት ሳሙኤል ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ይህን የምለው በጎረቤቶቻችን እምነት ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። ስለት በእኛም ቤት አለ፤ ስሙን ብቻ ቀይረነዋል።

ያን የ«ጄን ኤር» ማብቂያ ካየን በኋላ አንድ የ12ኛ ክፍል ወጣት ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ እኔም እኮ የተሳልኩ ነኝ» አለኝ። ሕፃን ሳለ በኩፍኝ ሊሞት ሲል እናቱ ተንበርክከው «ይህን ልጅ ብትተውልኝ አገልጋይህ ይሆናል» ብለው ነበር። አሁን ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ይጠብቃሉ። እሱ ነርስ መሆን ይፈልጋል። «ጌታን እወደዋለሁ» አለኝ፤ «ግን ወንጌላዊ እንድሆን ሲጠራኝ አልሰማሁትም። እምቢ ካልኩ ደግሞ እግዚአብሔርን እምቢ ማለት ነው ተብያለሁ።»

ማን እንዳለው መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኔ ነኝ። ከዓመት በፊት በዚያው አዳራሽ ስለ ሐና ሳስተምር ዓይኑን እያየሁ የእናትህን ስለት እንዳታፈርስ ብዬዋለሁ። ምዕራፍ 1ን አስተምሬ ምዕራፍ 3ን ሳልደርስ ጸልዬ ዘጋሁ። ፊልሞቹ ፍቅሩን ወስደው ቃሉን ይተዋሉ እያልኩ ስከስ፣ እኔ ስለቱን ወስጄ ጥሪውን ትቼ ነበር። ስለ ጄን ሁለተኛ እምቢታ ዝም ያልኩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ የሴንት ጆን ንግግር የራሴን ይመስላልና።

በሚቀጥለው እሑድ ከልጁ ጋር ወደ እናቱ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ያልኩትን ሁሉ ደግሜ፣ የተሳሳትኩበትን ነገርኳቸው። እማማ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «መምህር፣ እኔ ለጌታ ሰጠሁት እንጂ ለትምህርት ቤት አልሰጠሁትም» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «አንተም ሂድና ራስህ ጠይቀው» አሉት።

ልጁ ገና አልወሰነም። እየጸለየ ነው። ያን አሮጌ «ጄን ኤር» ደግሞ መዝገበ ቃላት ይዞ እያነበበው ነው፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ታዲያ እንዴት እንይ?

የፍቅር ፊልም አትዩ አልላችሁም። ስታዩ ግን እንደ አንባቢ እዩ። ታሪኩ ከመጽሐፍ የተወሰደ ከሆነ መጽሐፉን ፈልጉ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጠየቀ ሰው አያጣውም። ፊልሙ ሲያልቅ «ደስ ይላል» ብላችሁ አትነሡ። እነዚህ ሰዎች አብረው ለመሆን ሲሉ ምን አጡ? አብረው ላለመሆንስ ሲሉ ምን ከፈሉ? ብላችሁ ጠይቁ። ምንም የማያስከፍል ፍቅር ካያችሁ፣ ያ ዋጋ ከመጽሐፉ ውስጥ ተቆርጦ እንደሆነ መርምሩ። ያን ጊዜ የሰፈራችንን ሠርግ፣ የጓደኞቻችሁን የፍቅር መልእክት፣ የራሳችሁንም ልብ በዚሁ መለኪያ ማየት ትጀምራላችሁ።

ለኅብረታችሁ መወያያ

1. ጄን ለሮቼስተርና ለሴንት ጆን የሰጠችው እምቢታ በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያል? እናንተ ለማለት የሚከብዳችሁ የትኛው ነው?

2. በቅርቡ ያያችሁትን አንድ የፍቅር ፊልም አስቡ። ከገጸ ባሕርያቱ መካከል ቃል የገባ አለ? ቃሉ ምን አስከፈለው?

3. 1ኛ ሳሙኤል 1ንና 3ን አብራችሁ አንብቡ። በእምነታችሁ ውስጥ ከወላጆቻችሁ የተቀበላችሁት የትኛው ነው? ራሳችሁ «እነሆኝ» ያላችሁትስ የትኛው ነው?

4. ለመሪዎች ብቻ፦ በእግዚአብሔር ስም አንድን ወጣት ወዳልተጠራበት የገፋችሁበት ጊዜ አለ? ካለ፣ ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ ሂዱ።